ወረቀት ላይ የቀረ ዌብሳይት

ሰሞኑን ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት መልእክት ተሞልቷል። «የኢንትሮዳክሽን ቱ ዌብ ዲዛይን ሾርት ኖት አለህ?» «የአምና ፋይናል ማን ጋር ይገኛል?» «ቻፕተር 4 ይገባል ወይስ አይገባም?» ግማሹ ከአዋሽ፣ ግማሹ ከሰመራ፣ አንዳንዱም ከሎጊያ ነው። ፈተና እንደደረሰ ገባኝ። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ሾርት ኖት የለኝም። የአምና ፈተናም የለኝም። ያለኝ ሐሳብ ነው፤ ትንሽ ረዘም ስለሚል ውኃ ይዛችሁ ተቀመጡ። በዚህ ሙቀት ሻይ ያዙ አልልም።

ይህን ኮርስ ሃንድአውት ሸምድዶ ኤ ማምጣት ይቻላል። የኔም ጭንቀት እሱ ነው። «ኤችቲኤምኤል ሲተነተን ምንድን ነው?» ሲባል ሃይፐርቴክስት ማርክአፕ ላንጉጅ ብሎ የጻፈ 2 ማርክ ያገኛል። «ሲኤስኤስን ከገጹ ጋር የማገናኛ መንገዶችን ዘርዝሩ» ሲባል ኢንላይን፣ ኢንተርናል፣ ኤክስተርናል ብሎ 3 ማርክ። እንዲህ እየለቀመ 85 የደረሰ ልጅ ኖትፓድ ተከፍቶለት «እስቲ ስምህንና አንድ ፎቶ የያዘ ገጽ ሥራ» ሲባል ፋይሉን ምን ብሎ ሴቭ እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። እንዲህ ያሉ ልጆች አንድ ሁለት ብቻ አይደሉም ያጋጠሙኝ። ሰነፎችም አይደሉም። የሚጠየቁትን ነው ያጠኑት። ፈተናው ትርጉም ከጠየቀ ተማሪው ትርጉም ያጠናል፤ ምን ያድርግ?

ይህ በሌላውም ኮርስ አለ ትሉ ይሆናል። አለ። በሌላው ኮርስ ግን ቢያንስ ሰበብ አለን። ኔትወርኪንግ ለመለማመድ ራውተርና ስዊች ያስፈልጋል። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ይፈልጋል። ጀማሪ ዌብ ዲዛይን የሚፈልገው ጽሑፍ መጻፊያና ብራውዘር ብቻ ነው፤ ሁለቱም በየትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አሉ። ኢንተርኔት እንኳ አይጠይቅም። «ኔትወርክ ስለሌለ ፕራክቲስ ማድረግ አልቻልንም» የሚለው ቅሬታ ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። ፋይሉ ያለው ፍላሻችሁ ላይ ነው፤ ብራውዘሩም ከዚያው ያነበዋል። ላፕቶፕ የሌለው ወይም መብራት የጠፋበት ደግሞ ስልክ አለው። አንድሮይድ ላይ እንደ አኮድና ትሬብኤዲት ያሉ የኮድ መጻፊያ አፖች አሉ፤ አንዴ በሌሊት ፓኬጅ ከወረዱ በኋላ ገጹን ያለ ዳታ ጽፎ ማየት ይቻላል። እርግጥ ነው ስልክ ላይ ኮድ መጻፍ ያበሳጫል። የታግ ቅንፍ ፍለጋ ብቻ ኪቦርዱን አርባ ጊዜ ትቀያይራላችሁ። ቢሆንም ይቻላል።

እንግዲህ ፈተናው 7 ቀን ቀርቶታል እንበል። እኔ እናንተን ብሆን የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት ሃንድአውት አልከፍትም። አንድ ገጽ እሠራለሁ። አንድ ብቻ፤ ግን የማውቀው ሰው በእውነት ሊጠቀምበት የሚችል ገጽ።

አዋሽ ያላችሁ ልጆች ብዙ ማሰብ አያስፈልጋችሁም። አዋሽ ሰባት ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ዛሬም የሚያኖራት መንገዱ ነው። መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ነው፤ ወደ ድሬዳዋ መኪና ስንት ሰዓት አለ? ወደ ሰመራስ? የት ነው የሚቆመው? ማደሪያ የት ይገኛል? ይህን የሚመልስ ገጽ ሥሩ። ሰመራ ያላችሁ ደግሞ ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚሆን ገጽ ሥሩ። ከደጋ አገር ሁለት ብርድ ልብስ ተሸክሞ መጥቶ በመጀመሪያው ሌሊት ፍራሹን ውጭ ያወጣ ልጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምን ይዞ ይምጣ፣ ምን ትቶ ይምጣ፣ ገበያው የት ነው፣ ከየት ወደ የት በባጃጅ ይሄዳል።

አሁን ተመልከቱ። የገጹ ርዕስ ሄዲንግ ይሆናል። የመኪናው ሰዓት ቴብል ይሆናል፤ «ጠዋት» የሚለው ቃል ሁለት ዓምድ እንዲሸፍን ስትታገሉ ኮልስፓን ያለ ሽምደዳ ይገባችኋል። የማደሪያዎቹ ስም ሊስት ነው። ሊስቱ በግዕዝ ቁጥር እንዲቆጠር ከፈለጋችሁ ሲኤስኤስ ውስጥ የሊስቱን ስታይል ኢትዮፒክ-ኑሜሪክ ማለት ብቻ ነው፤ ብራውዘሩ ራሱ ፩፣ ፪፣ ፫ ይላል። (ይህን የማያውቅ መምህር አጋጥሞኛል፤ ስታሳዩት ደስ ይለዋል።) ጥያቄ ላለው ሰው አንድ ፎርም ትጨምራላችሁ፤ ጌትና ፖስት እዚያ ይመጣሉ። ወደ ሁለተኛ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ትጨምራላችሁ። ኮርስ አውትላይኑ አለቀ እኮ!

ዋናው ትምህርት ግን ገጹ ሲበላሽ ነው የሚገኘው። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጣችሁ የጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ብዙ ጊዜ ፎቶው ይጠፋል። ለምን? የፎቶውን አድራሻ ከሲ ድራይቭ ጀምራችሁ ስለጻፋችሁት ነው፤ የጓደኛችሁ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በእናንተ ስም የተከፈተ ዴስክቶፕ የለም። አብሶሉትና ሬላቲቭ ፓዝ የሚባለው ልዩነት ይኸው ነው፤ አንዴ ፎቶ የጠፋበት ሰው ፈተና ላይ አይስተውም። ሌላም ወጥመድ አለ። የፎቶውን ስም በካፒታል ፊደል ጀምራችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ኮዱ ውስጥ በስሞል ብትጠሩት ዊንዶውስ ዝም ብሎ ይከፍተዋል። አብዛኛው ሰርቨር የሚሠራበት ሊነክስ ግን ሁለቱን የተለያዩ ፋይሎች አድርጎ ነው የሚያያቸው። እናንተ ጋ የሚሠራው ገጽ ሰው ጋ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቦክስ ሞዴልን በተመለከተ ሃንድአውቱ ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ሥዕል አትሸምድዱ። ሎጊያ ላይ ከቆመ መኪና ብርጭቆ ሲራገፍ አይታችኋል? ብርጭቆው ኮንቴንት ነው። እንዳይሰበር ዙሪያውን የተጠቀጠቀው ጋዜጣ ፓዲንግ ነው። ካርቶኑ ቦርደር ነው። በአንዱ ካርቶንና በሌላው መካከል የተተወው ክፍተት ማርጂን ነው። አሁን ጥያቄው ይምጣ፤ ስፋቱ 200 ፒክስል፣ ፓዲንጉ በየጎኑ 20፣ ቦርደሩ 5፣ ማርጂኑ 10 የሆነ ሳጥን ስፋቱ ስንት ነው? ብርጭቆው 200፣ ጋዜጣው በግራና በቀኝ 40፣ ካርቶኑ በግራና በቀኝ 10፤ ጠቅላላው 250። ማርጂኑ የሳጥኑ አካል አይደለም፤ በገጹ ላይ የሚይዘውን ቦታ ግን 270 ያደርሰዋል። ብዙ ልጅ የሚስተው ግራና ቀኝ ሁለት ጊዜ መቆጠሩን ረስቶ 225 ሲል ነው። ቦክስ-ሳይዚንግ ቦርደር-ቦክስ ከተባለ ግን ካርቶኑ ከነጋዜጣው 200 ውስጥ ይገባል፤ የሚጠበው የብርጭቆው ቦታ ነው።

አይዲና ክላስ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁለት ትእዛዝ ሲጋጩ ይበልጥ ለይቶ የጠራው ያሸንፋል፤ አይዲ ከክላስ፣ ክላስ ከታግ ስም ይበልጣል፤ እኩል ከሆኑ ኋላ የተጻፈው ይጸናል። ገጻችሁ ላይ አንዱን ፓራግራፍ በሦስቱም መንገድ ሦስት ቀለም ቀብታችሁ ሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አማርኛ ከጻፋችሁ ከላይ ቻርሴቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ተናገሩ፤ ያለዚያ ፊደሉ ወደ ትርጉም አልባ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፎንት የራሱን ዘዴ ይከተል ስለነበር አንዱ የጻፈውን ሌላው ጋ ለመክፈት ያው ፎንት መጫን ነበረበት። ያ መከራ አልፏል፤ የቀረው አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ላንግ የሚባለውን አትሪቢዩት ደግሞ አብዛኛው ሃንድአውት አንድ ጊዜ ጠቅሶት ያልፋል፤ ተማሪውም ሁልጊዜ የእንግሊዝኛውን ኮድ እየገለበጠ ይኖራል። የአማርኛው ኤ ኤም ነው። የአፋርኛውስ? የዓለም ቋንቋዎች ባለሁለት ፊደል ኮድ በፊደል ተራ ሲደረደር ከሁሉም ፊት የሚቀመጠው አፋርኛ ነው፤ ኮዱ ኤ ኤ ነው። በጠቅላላው ዝርዝር አንደኛ! ገጹ በአፋርኛ መሆኑን ብራውዘሩና የትርጉም ፕሮግራሙ የሚያውቁት በዚህች ኮድ ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የፎንት ጣጣ እንኳ የለበትም። ሰመራ ተቀምጦ፣ አፋርኛ አፉን የፈታበት ሆኖ፣ ይህችን ኮድ አንድም ቀን ሳይጽፋት የሚመረቅ የአይቲ ተማሪ ሲያጋጥመኝ ቅር ይለኛል።

ቅር የሚለኝ ለስሜት ብቻ አይደለም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ጉግል በትርጉም አገልግሎቱ ላይ 110 ቋንቋዎች ሲጨምር አፋርኛ አንዱ ነበር። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው በዚያ ዙር ከተጨመሩት ሁሉ በበጎ ፈቃደኞች ብዙ አስተዋጽኦ የተደረገለት አፋርኛ ነው። ልብ በሉ፤ ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ያለ ክፍያ ቃል በቃል ለቋንቋቸው ሠርተዋል። ፍላጎቱ አለ ማለት ነው። የጎደለው እነዚያ ሰዎች ከፍተው የሚያነቡት በአፋርኛ የተጻፈ ገጽ ነው። ያን ገጽ ማን ይሥራው? አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው? ስለ ኤርታሌና ዳሎል፣ ሉሲ ስለተገኘችበት ሐዳር የምናነበው በአብዛኛው ሌላ ቦታ ሆኖ ለሌላ አንባቢ የተጻፈ ነው። ፎቶው ያምራል። ለዱብቲ ነዋሪ ግን የተጻፈ አይደለም።

ሌላ ከባድ ነገር ላንሣ። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። በዚያ ሰሞን ሰው መረጃ የሚፈልገው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነበር። ቴሌግራም ላይ እየጻፍኩ ቴሌግራምን ማማት ይከብዳል፤ ግን እውነቱን እንነጋገር። እዚህ የተለጠፈ ነገር በሁለተኛው ቀን ከታች ይቀበራል። የትናንቱ ማስጠንቀቂያ የዛሬ መስሎ ይዞራል፤ ቀኑን ሰው አያይም፤ ፎርዋርድ የተደረገ ነገር ደግሞ ባለቤቱ አይታወቅም። አንድ ቋሚ አድራሻ ያለው፣ ከላይ «መጨረሻ የታደሰው በዚህ ቀን» የሚል፣ መጠለያውና የሚደወልበት ስልክ በአማርኛና በአፋርኛ የተዘረዘረበት ገጽ ለመሥራት ምን ያህል እውቀት ይጠይቃል? የዚህን ኮርስ ያህል። ከዚህ አይበልጥም። ሄዲንግ፣ ፓራግራፍ፣ ቴብል፣ ሊንክ።

ቀላል ገጽ ደግሞ ነውር አይደለም። ቲም በርነርስ-ሊ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የከፈተው የመጀመሪያው ዌብሳይት ሲኤስኤስ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ገና አልተፈጠረምና። ሰርን በ2013 መልሶ በቀድሞ አድራሻው አስቀምጦታል፤ ዛሬ በየትኛውም ስልክ ይከፈታል፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታም ጭምር። 5 ሜጋባይት ፎቶ ፊት ለፊቱ የተለጠፈበት ያማረ ገጽ ሚሌ ላይ ለቆመ ሾፌር ምኑም አይደለም። ፎቶውን አሳንሱ፤ ኦልት ጽሑፉን አትርሱ፤ ፎቶው ባይመጣ እንኳ ሰውየው ምን እንደቀረበት ያነባል። ቪውፖርት የምትባለውን ሜታ ታግም አስገቡ፤ ያለሷ ገጹ ስልክ ላይ ጉንዳን አክሎ ይታያል።

ወደ ፈተናው ልመለስ። ገጹን ሠራችሁ፤ 3 ቀን ቀረ። ፈተናው ግን ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀት ደግሞ ቀለም አያሳያችሁም፣ የጎደለውንም አይሞላም። ስለዚህ በወረቀት ተለማመዱ። ጓደኛ ያዙ። አንዳችሁ ደብተር ላይ ኮድ ይጻፍ፤ ሌላው ምንም ሳያርም፣ ምንም ሳያዝን፣ የተጻፈውን ብቻ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ይገልብጥ። ከመክፈታችሁ በፊት ምን እንደሚታይ ወረቀቱ ላይ ሣሉ። ከዚያ ክፈቱና አወዳድሩ። የጥቅስ ምልክት ካልዘጋችሁ ከሥር ያለው ሁሉ ሲዋጥ ታያላችሁ። ቦልድ ካልተዘጋ ገጹ እስከ መጨረሻው ይወፍራል። ሲኤስኤስ ውስጥ በሁለት ትእዛዞች መካከል ሴሚኮለን ከረሳችሁ አንዱ ብቻ ሳይሆን ሁለቱም ይቀራሉ። ብራውዘር ደግሞ እንደ ሌሎች ፕሮግራሞች ስህተቱን አፍ አውጥቶ አይነግራችሁም፤ ችሎ ያልፋል። ይሉኝታ የሚያጠቃው ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። በሌሊት ብታደርጉት ይመረጣል፤ ሰኔ ላይ ሰመራ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትሆን ላፕቶፑም እናንተም ቀን ላይ አትረቡም።

ሃንድአውቱ በመጨረሻዎቹ ቀናት ይከፈት፤ ያኔ ብዙውን ታውቁታላችሁ። ብቻ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አሁንም በየግቢው የሚዞሩ ሃንድአውቶች ውስጥ ፎንት፣ ሴንተር፣ ማርኪ፣ ፍሬምሴት የሚባሉ ታጎች አሉ። ኤችቲኤምኤል 5 በ2014 እ.ኤ.አ. ደረጃ ሆኖ ሲጸድቅ እነዚህ ቀርተዋል። መምህሩ ከጠየቁ መልሱላቸው፤ ማርካችሁን አትጡ። ገጻችሁ ላይ ግን አትጠቀሙባቸው። ቻትጂፒቲ ያላችሁ ደግሞ ገጹን ሥራልኝ አትበሉት፤ የሠራችሁትን ሰጥታችሁ 5 ስህተት ደብቅበት በሉት፤ ከዚያ ፈልጉ።

አሁን ደግሞ ለመምህራን። እናንተም ይህን ቻናል እንደምታነቡ አውቃለሁ፤ በጎን ትጽፉልኛላችሁና። የወረቀት ፈተና የመረጣችሁት በስንፍና አይደለም። ክፍሉ ውስጥ 60 ተማሪ አለ፤ ላቡ ውስጥ የሚነሣው ኮምፒውተር 20 ነው እንበል። በሦስት ዙር ብትፈትኑ የመጀመሪያው ዙር ለሦስተኛው ይነግራል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ የማን ማርክ ይያዝ? ይህ ሁሉ ይገባኛል። ስለዚህ ወረቀቱ ይቅር አልልም። ወረቀቱ ላይ የሚጠየቀው ይቀየር ነው የምለው። ትርጉም መጠየቅ ትታችሁ ኮድ ስጡና ምን እንደሚታይ ያስሉ። የተበላሸ ገጽ ስጡና ያሳርሙ። ለማረም ከባድ ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ግማሽ ገጽ የዝርዝር መልስ ከማንበብ አንድ ሥዕል ማየት ይፈጥናል።

ልጆቹ ነገ የሚጠብቃቸውም ይኸው ነው። ቴክኒክና ሙያ ያለው ሲኦሲ ላይ የተግባር ምዘና ይጠብቀዋል፤ መዛኙ ትርጉም አይጠይቅም፣ «ሥራ» ነው የሚለው። ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለበት፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እዚያ ምርጫ ቢሆንም፣ ኮድ አንብቦ ውጤቱን በጭንቅላቱ ማየት የለመደ ልጅና ምኅጻረ ቃል የሸመደደ ልጅ እኩል አይቀመጡም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀጣሪ እንኳ ተዉት።

አንዳንዶቻችሁ «እስቲ ናሙና ስጠን» ስላላችሁኝ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ላውጣ፤ ኮዱን እናንተ ጨምሩበት።

ጥያቄ 1። ከዚህ በታች ያለው ገጽ የተጻፈው ከሰመራ ወደ አዋሽ ለሚጓዝ ሰው ነው። 5 ስህተቶች አሉበት። ሀ) ተጓዡ ገጹን ስልኩ ላይ ሲከፍት የሚያየውን ሣሉ። ለ) አምስቱን ስህተቶች አርሙ። ሐ) ከአምስቱ ሳይታረም ቢቀር ሰውየውን መኪና የሚያስመልጠው የትኛው ነው? ለምን? 20 ማርክ።